እሳቱ ሲለወጥ ማጥፊያውስ?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ዱራሜም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ አጠገብ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ታገኛላችሁ። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይጠየቃል፣ ትራፊክም «የታለ?» ይለዋል። ያው ሹፌር ማታ ቤቱ ሲገባስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፣ ቡታጋዝ አለ፣ የስፖንጅ ፍራሽ አለ፣ ተኝተው የሚያድሩ ልጆች አሉ። ማጥፊያ ግን የለም። መኪና ውስጥ ሰው ነቅቶ ነው የሚጓዘው፣ በሩንም ከፍቶ መውረድ ይችላል። ቤት ውስጥ ግን ተኝቶ ነው የሚያድረው። ታዲያ ማጥፊያው መኪናው ላይ ቀርቶ ቤታችን ለምን አልገባም?

የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ሶፋና ቴሌቪዥን የገዛ ቤት ይህን አያቅተውም። እኔ ሳስበው ነገሩ የታሪክ ጉዳይ ነው። እሳታችን ተለውጧል፣ ስለ እሳት ያለን እውቀት ግን አሮጌው ቤት ውስጥ ቀርቷል።

በመጀመሪያ የታሪክ መጻሕፍታችንን ተመልከቱ። እሳትን የሚያውቁት በጦርነት ነው። በ1859 ዓ.ም አጼ ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም ደግሞ ደርቡሾች መጥተው አቃጠሏት። በ1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡበት ከሚያዝያ 24 ጀምሮ ጣሊያን እስከገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ነደደች። በዓመቱ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ ባሉት ቀናት፣ ፋሺስቶቹ የድሃውን ጎጆ በቤንዚን እያርከፈከፉ ከነሰዎቹ አቃጠሉ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለ። ይሄ ሁሉ ተጽፏል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ከምድጃ ተነስቶ አንድ ቤተሰብን ያመነመነ እሳት ግን ታሪክ ጸሐፊ የለውም። እሱን የሚያስታውሰው ጎረቤትና እድር ብቻ ነው። ስላልተጻፈ ደግሞ ከአንዱ ቤት የተገኘው ትምህርት ለሌላው አይተርፍም።

ይህ ማለት ግን አያቶቻችን ስለ እሳት አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም ከእኛ በላይ ያውቁ ነበር። በሀዲይኛ እሳት «ጊራ» ነው፤ ከምባታውም ሲዳማውም በዚሁ ስር ይጠራዋል። የሌሞን የጥንት ቤት አስቡት። ክብ፣ በምሰሶ የቆመ፣ ሣር ክዳን፣ ከብቱ ከአንድ ወገን ሰው ከሌላው ወገን፣ እሳቱም እዚያው ውስጥ። ከላይ ደረቅ ሣር፣ ከታች ፍም! ሲታይ እብደት ይመስላል። ነገር ግን ሥርዓት ነበረው። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። መዳፈን ማለት እሳቱን ከአየር መለየት ነው፤ ፍሙ ሳይሞት ያድራል፣ ግን አይነድም። ጠዋት ገለጥ አድርገው ይጭሩታል፤ የጠፋበትም ከጎረቤት እሳት ጭሮ ይወስዳል። እሳት ሁልጊዜ ጠባቂ ነበረው፤ ብቻውን አይተውም።

በአጥርና በቤቱ መካከል ደግሞ እንሰት አለ። እንሰት ቆጮና ቡላ ብቻ አይደለም፤ ግንዱም ቅጠሉም ውሃ የቋጠረ ተክል ነው። በቤትና በቤት መካከል እንሰት መቆሙ አንዱ ጎጆ ቢነድ ሌላው በቀላሉ እንዳይያያዝ ያግዛል። አንድ ቤት እሳት ሲነሳበት ጩኸት ይሰማል፣ ሰው ከየአቅጣጫው ይሮጣል። እርጥብ ቅጠል፣ አፈር፣ በእንስራ ውሃ፤ ካልሆነም ክዳኑን ስቦ ማፍረስ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ቃል በቃል የሚሠራበት ዓለም ነበር። ቤቱ ከተቃጠለም በሴራው መሠረት ጎረቤት እንጨቱን፣ ሣሩን፣ ጉልበቱን አዋጥቶ እንደገና ያቆመዋል።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ እውቀት የተሠራው ለአንድ ዓይነት እሳት ነው፤ ለእንጨትና ለሣር እሳት። ለዚያ እሳት ውሃና አፈር ትክክለኛ መድኃኒት ናቸው።

ከዚያ ቤቱ ተለወጠ። ቆርቆሮ መጣ፤ ሣሩን ስላስወገደልን እሳት የራቀ መሰለን። ላምባ መጣ፣ ከኩራዙና ከፕሪመሱ ጋር። በ1948 ዓ.ም ዛሬም ድረስ «መብራት ኃይል» የምንለው የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መስመሩም ቀስ በቀስ ወደየከተማው ደረሰ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ፤ አንዱ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ። የጋዝ ሲሊንደሩም ተከተለ። በመጨረሻም ስፖንጅ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ፕላስቲክ ገቡ፤ እነዚህ ደግሞ ነበልባሉ ሳይደርስባችሁ በፊት በጭሳቸው የሚገድሉ ናቸው። የጥንቱ ዋቸሞ፣ የዛሬው ሆሳዕና፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የክልል መቀመጫ ሆኗል። ደቡብ አፍሪካ ባሉ ልጆቻችን ላብ የተሠራው ቤትም ብዙ ነው። ቤቱ ሁሉ ተለወጠ። እሳት ሲነሳ ግን እጃችን አሁንም የሚሮጠው ወደ ውሃው ባልዲ ነው። በሚንጨረጨር ዘይት ላይ ውሃ! በኤሌክትሪክ ላይ ውሃ!

እንግዲህ ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት ፈታው? የእሳት ማጥፊያ ታሪክ በጣም ደስ ይላል፣ ምክንያቱም አዲስ ዓይነት እሳት በመጣ ቁጥር አዲስ ማጥፊያ ተወልዷል።

እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን ስትቃጠል፣ እሳቱ ከአንድ ዳቦ ቤት ተነስቶ 13,000 ያህል ቤት በልቷል። የለንደን ሰው በእጁ የነበረው የቆዳ ባልዲና ቤት ስቦ ማፍረሻ መንጠቆ ነበር። ከአያቶቻችን ብልሃት አይለይም! በ1810ዎቹ ካፒቴን ጆርጅ ማንቢ የሚባል እንግሊዛዊ በኤዲንብራ በደረሰ ቃጠሎ እሳት አጥፊዎቹ ፎቁ ላይ መድረስ አቅቷቸው አየ። 13 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመዳብ ዕቃ ሠራ፤ ውስጡ ፖታሽ የተበጠበጠበት ውሃ፣ ከላይ የታመቀ አየር። ቁልፉን ሲከፍቱት ራሱ ይተኩሳል። በአንድ ሰው ትከሻ የሚሄድ ማጥፊያ ሐሳቡ ከዚህ ይነሳል፤ ዛሬ የምታዩት ቀይ ሲሊንደርም በመሠረቱ የዚያው ልጅ ነው። ትልቁ ቁም ነገር እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ፣ መኪናው ሳይደርስ፣ እዚያው ያለ ሰው እንዲያጠፋው ነው።

በ1866 ፈረንሳዊው ፍራንሷ ካርሊየ ሶዳና አሲድን የሚያገናኝ ማጥፊያ አወጣ። ሁለቱ ሲገናኙ ጋዝ ይፈጠራል፣ ጋዙም ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ለእንጨትና ለጨርቅ ጥሩ ነበር። ግን ነዳጅ መጣ። ባኩ፣ የነዳጅ ከተማዋ፣ ውሃ ቢያፈሱበት ይበልጥ የሚስፋፋ እሳት ነበራት፤ ነዳጁ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይሄዳል። መፍትሔውን ያገኘው አሌክሳንደር ሎራን የሚባል እዚያው የሚያስተምር መምህር ነው (መምህራን ደስ ይበላችሁ!)። ነዳጁን በአረፋ ብርድ ልብስ ሸፈነው፤ በ1904 በስሙ ተመዘገበለት። አስተውሉ፣ ይህ በአመድ ከመዳፈን የተለየ ሐሳብ አይደለም። እሳቱን ከአየር መለየት ነው።

ከዚያ መኪና መጣ። ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ፈረንጅ አገር መኪና እየበዛ ሲሄድ በ1910ዎቹ «ፓይሪን» የሚባል ትንሽ የናስ ማጥፊያ ወጣ፤ በእጅ እየተገፋ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ይረጫል። ቤንዚንንም ኤሌክትሪክንም ስለሚያጠፋ ለመኪና ተመራጭ ሆነ። ማጥፊያና መኪና የተጋቡት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ፈሳሹ ራሱ መርዝ ነው። ሲግል ደግሞ ፎስጂን ይሆናል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀው ጋዝ። በኋላ ከገበያ ወጣ። የቆየ የናስ ማጥፊያ ከአያት ዕቃ መሃል ካገኛችሁ ለጌጥም አትንኩት።

በ1924 በአሜሪካ የስልክ ኩባንያው የኤሌክትሪክ ዕቃውን የማያበላሽ ማጥፊያ ፈለገ። ዋልተር ኪዴ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብረት ሲሊንደር አምቆ አቀረበ። ሲያጠፋ ቅሪት አይተውም። ቀጥሎ ደረቅ ዱቄት መጣ። የመጀመሪያው ከቤኪንግ ሶዳ ነገድ ነው፤ ለነዳጅና ለጋዝ እሳት ፍቱን፣ ለእንጨትና ለፍራሽ ግን ደካማ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዛሬ «ኤቢሲ» የምንለው ዱቄት ተስፋፋ። ዋና ነገሩ አሞኒየም ፎስፌት ነው፤ ገበሬዎቻችን ዳፕ ብለው የሚያውቁት ማዳበሪያ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጥና እንጨቱን እንደ ቅባት ይለብሰዋል፣ ፍሙን ያፍነዋል። ሃሎን የሚባል ጋዝም ነበር፤ ኦዞንን ስለሚጎዳ አገራችንም አባል በሆነችበት በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት አማካይነት ከምርት ወጣ።

እንጨት፣ ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ፤ ለእያንዳንዱ አንድ መልስ። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ማጥፊያው ብቻውን አልመጣም፤ ከመኪናው፣ ከባንኩና ከመሥሪያ ቤቱ ደንብ ጋር ነው የመጣው። የሚጠይቀው ሰው ባለበት ቦታ ተሰቀለ። ቤታችን የሚመጣ ጠያቂ ግን የለም። መልሱ ይሄው ነው፤ ማጥፊያን የተማርነው እንደ መንግሥት ዕቃ እንጂ እንደ ምድጃ ዕቃ አይደለም።

የትልቁ መኪና ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። የአገሪቱ ትልቁ የእሳት አደጋ ኃይል ባለበት ከተማ፣ መንገዱ ጠቦ መኪኖቹ ለመግባት ተቸገሩ። ታዲያ ሆሳዕና ውስጥ ተጣብቀው የተሠሩት ሱቆችና ሰርቪስ ቤቶች፣ ሾኔና ሺንሺቾ ገበያ ያሉት፣ ወይም ጭቃ መንገድ የሚያልፍባቸው የሌሞ ቀበሌዎችስ? የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የእኛው ናቸው። ሌላ ማንም አይደርስባቸውም።

እሺ፣ ምን እንግዛ? ከታሪኩ ተነስተን እንምረጥ።

1. ለመኖሪያ ቤት መሠረቱ ኤቢሲ ዱቄት ነው። «ኤ» እንጨት፣ ጨርቅ፣ ፍራሽ፤ «ቢ» ቤንዚን፣ ላምባ፤ «ሲ» በአውሮፓና በቻይና አጠራር ጋዝ ነው። ኤሌክትሪክ ላይም ይሠራል፤ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ። ገበያው ላይ ካለው የቻይና ዕቃ «ኤምኤፍዜድ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፣ ትርጉሙ የታመቀ ዱቄት ነው። ከጎኑ «ኤቢሲ» ከሌለበት ግን የሶዳው ዓይነት ነው፤ ለፍራሽ እሳት አትመኑት። ቁጥሩ የዱቄቱ ኪሎ ነው።

2. የመኪናው 1 ኪሎ ለቤት አይበቃም፤ 8 ሰከንድ ያህል ተኩሶ ያልቃል። ለቤት 4 ወይም 6 ኪሎ ይሻላል። ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? እናት ወይም ታዳጊ ልጅ። ማንሳት የማይችሉት 6 ኪሎ ሊያነሱት ከሚችሉት 2 ኪሎ ያንሳል። ሱቅ ውስጥ እነሱን አስነስታችሁ ግዙ።

3. ብዙ ኮምፒውተርና ማሽን ላለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥሩ ነው፤ ዱቄት ዕቃ ያበላሻል። ነገር ግን በጠባብ የተዘጋ ክፍል ሰውንም ያፍናል፣ መተኮሻ ቀንዱንም በባዶ እጅ አትያዙት፣ በብርዱ ያቆስላል።

4. ለሚነድ የዘይት ድስት ከሁሉ በፊት ክዳን! ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳኑን ከጎን በኩል አንሸራታችሁ ግጠሙ፣ እስኪበርድ አትክፈቱት። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 1,700 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል፤ ድስት ውስጥ ውሃ ሲጨመር የሚነደውን ዘይት ወደ ጣሪያ የሚወረውረው ይሄ ነው።

5. ምጣድ ወይም ሶኬት ሲያያዝ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ አጥፉ። ጋዝ ከሆነ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዝጉ። መዝጋት ካልቻላችሁ ነበልባሉን አታጥፉት፤ የማይነድ ግን የሚፈስ ጋዝ ቤቱን ሞልቶ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ሰው አስወጡና ራቁ።

የት ይቀመጥ? ከምድጃው በላይ አይደለም። እሳት ውስጥ እጃችሁን ሰዳችሁ ማጥፊያ አታወጡም። በመውጫው በር አጠገብ፣ ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ማጥፊያ እንዳልተገዛ ቁጠሩት።

አጠቃቀሙ አራት ነገር ነው። ቀለበቱን ንቀሉ፤ ከ2 እስከ 3 ሜትር ቆማችሁ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሩ፤ እጀታውን ጨብጡ፤ ግራና ቀኝ ጥረጉ። ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን! ጀርባችሁ ሁልጊዜ ወደ በሩ ይሁን። ሲሊንደሩ አልቆ እሳቱ ካልጠፋ ወይም ጭሱ ከበዛ በቃ፣ ውጡ፣ በሩን ዝጉ። ቤት ይሠራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚረሳው ነገር ልምጣ፤ እንክብካቤው። አያቶቻችን ፍሙን በየማታው ይጎበኙት ነበር። እኛ ማጥፊያውን በወር አንዴ ብንጎበኘው ምን ይለናል?

ሰዓት የሚመስለው መለኪያ ላይ መርፌው አረንጓዴ ላይ ይሁን። ቀይ ላይ ከወደቀ ግፊቱ አልቋል። ማኅተሙና ቀለበቱ ያልተነካ፣ ጎማው ያልተሰነጠቀ፣ ብረቱ ያልዛገ መሆኑን እዩ። ሲሊንደሩን ገልብጣችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ዱቄቱ ለዓመታት ከቆመ ወደ ታች ተጭኖ ይጋገራል። መርፌው የሚነግራችሁ ግፊቱን እንጂ ዱቄቱን አለመሆኑንም እወቁ። ስለዚህ በሚዛን መዝኑትና ሲሊንደሩ ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ክብደት ጋር አስተያዩ። በተለይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መለኪያ ሰዓት ስለሌለው ያለ ሚዛን አይታወቅም።

ለ2 ሰከንድ ብቻ ብትተኩሱትም ማስሞላት ግድ ነው፤ ዱቄቱ ማፈኛው ላይ ይቀርና ግፊቱ ቀስ ብሎ ያመልጣል። «ልሞክረው» ብሎ ትንሽ ተኩሶ መልሶ መስቀል ማለት ባዶ ዕቃ መስቀል ነው። ስታስሞሉ ደግሞ ጎሚስታ ቤት አየር አስነፍታችሁ አትመለሱ። የኮምፕረሰር አየር እርጥበት አለው፣ ዱቄቱን ያጋግረዋል፤ የሚሞላው ደረቅ ናይትሮጅን ነው። ሥራውን ለሚያውቅ ስጡ፣ ሲሞላም ቆማችሁ እዩ፣ የሞላበትን ቀን አስጽፉ። የተመረተበትንም ዓመት አንብቡ፤ አሮጌ ሲሊንደር ብረቱ ራሱ መፈተሽ ወይም መጣል አለበት።

ደቡብ አፍሪካና ሌላም አገር ያላችሁ ልጆቻችን፣ ለቤት ማጠናቀቂያ ስትልኩ ከሴራሚኩና ከጂፕሰሙ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ «ማጥፊያ» ብላችሁ። እዚህ ያለነው ደግሞ በየእድራችን እናንሳው። እድር ድንኳንና ብርጭቆ ይገዛል፤ ሁለት ትልልቅ ማጥፊያ ገዝቶ በሰፈሩ መሃል፣ ማታም በሚከፈት ቤት ማስቀመጥ ያቅተዋል? ወርኃዊ መዋጮ ሲሰበሰብ መርፌውን የሚያይ አንድ ሰው ይሰየም። የከተማችሁን የእሳት አደጋ ስልክ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ 939 ነው።

ቤት ሲቃጠል ተሰብስበን መልሰን መሥራት እናውቅበታለን። ግን የሞተ ሰው በመዋጮ አይመለስም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ሰዎች ቅጠላቸውን ከደጃቸው ተክለውት ነበር። የእኛ ዘመን ቅጠል ያ ቀዩ ዕቃ ነው፤ ከደጃችን ይኑር።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን መርፌ አይታችሁ ምን ላይ እንዳለ ከታች ጻፉልኝ። የሌላችሁም «የለኝም» በሉ፣ አታፍሩ። መልካም ሳምንት!